ባንዲራችን፣ በኩር እና የእናትህ ጓዳ

ወንድምዓለም፣ እንዴት ከረምህ? ዝም ተባብለን ከረምን፤ ወቀሳውን ስንገናኝ እንካፈለዋለን።

እኔ ሰሞኑን ልክፍት ይዞኛል። የጎጃምን የጋዜጣ ታሪክ እያሳደድሁ ነው፣ አትሳቅ። ሰው ሁሉ ወሬውን የሚጀምረው በ1987 ዓ.ም. ባሕር ዳር ከተመሠረተው ከበኩር ነው። ከዚያ በፊትስ?

ባንዲራችን የሚባል ጋዜጣ ሰምተህ ታውቃለህ? ጣልያን ገና ሳይወጣ፣ በ1933ቱ ዘመቻ፣ ካርቱም እየታተመ ጎጃም ውስጥ ለአርበኛውም ለባንዳውም ይበተን የነበረ የአማርኛ ጋዜጣ ነው። ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ ያዘጋጀው ጆርጅ ስቲር የሚባል፣ ደቡብ አፍሪካ የተወለደ እንግሊዛዊ ነው። ሰውዬው በወረራው ጊዜ እዚሁ የታይምስ ዘጋቢ ነበር፤ ጣልያኖች አባረሩት፤ ስፔን ሄዶ የጌርኒካ ከተማን በቦምብ መጋየት ለዓለም አሰማ፤ ከዚያ ዞሮ ዞሮ በወረቀት ሊዋጋቸው እኛው ጋ መጣ። ቂም ማለት ይሄ ነው! ባንዳውን ከጣልያን ለመነጠል የተጻፈ ነውና የጠራ ዜና ነበር አልልህም። ግን ለጎጃም ሰው ታስቦ የተጻፈ ነበር፣ ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ንጉሡ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ አዲስ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ። እኛ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣ ጋዜጣ ጠባቂ ሆንን፤ እስኪደርስ ዜናውን ሬዲዮ አስረጅቶታል።

በኩር ለምን ዕለታዊ አይሆንም ትል ነበር፣ ትዝ ይልሃል? ጋዜጣውን የሚገዛውን ሰው እየው እስቲ። ተቋራጩ ከጨረታው ገጽ ይጀምራል፣ ሥራ ፈላጊው ከክፍት የሥራ ቦታው። ጨረታ ደግሞ ሳምንት ቢቆይ አይሻግትም። የዕለቱን ወሬ መጀመሪያ ሬዲዮ ወሰደው፣ አሁን ቴሌግራም። ደግሞ ሳምንታዊ መሆኑ አይከፋም፤ ገጠር የሄደ ጋዜጣ እንደሆነ ተነቦ አያበቃም፣ ቆሎ ይጠቀለልበታል፣ ግድግዳ ይለጠፋል።

ለዚህ ነው የጻፍሁልህ። የእናትህ ጓዳ በጋዜጣ የተለበጠ ነው። በምድጃው በኩል ያለውን ጭስ በልቶታል፣ በአልጋው ወገን ያለው ግን አሁንም ይነበባል። እማማ ለፋሲካ ሌላ ሊለጥፉበት ነው አሉ። ከዚያ በፊት በስልኬ ፎቶ ላንሳው። አንተው ደውልና ንገርልኝ፤ እኔ ከሄድሁ ቡና ጠጣ ብለው ነገሩን ያስረሱኛል።