ለምወድሽ ጓደኛዬ

ከመሐል ሜዳ

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ብርዱ ግን እንደምታውቂው ነው። ይህን ያህል ጊዜ የጠፋሁብሽ የእህቴ ልጅ ነገር ሐሳቤን ሁሉ ይዞት ነው።

ያ አፉ የማያርፈው ልጅ ትዝ ይልሻል? ዛሬ ስሙን ብትጠሪው ዞር አይልም። ውኃ ሲጠማው የእናቱን ነጠላ ጫፍ ይዞ ጀሪካኑ ድረስ ይጎትታታል። ጆሮው ተመርምሮ ደህና ነው ተባለ። ጎረቤቱ «ለክፎት ነው» አለ። እናቱ ግን ሌሊት አፉ ወደ አንድ በኩል እየተጣመመ ለሃጩ ሲዝረበረብ አይታ ለሐኪሙ ነገረች። አዲስ አበባ ወስደነው፣ ተኝቶ ሳለ ጭንቅላቱ ላይ ሽቦ ለጥፈው የአንጎሉን ኤሌክትሪክ የሚያሳየውን ምርመራ፣ ኢኢጂ፣ አነሡት። ነገሩ የተገኘው እዚያ ነው።

ላንዳው ክሌፍነር ይባላል። በፈረንጆቹ 1957 ሁለት አሜሪካውያን የጻፉት፣ ብዙ የማያጋጥም የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይጀምራል። በተለይ በእንቅልፍ ጊዜ የአንጎሉ ኤሌክትሪክ ተዛብቶ፣ ቋንቋ የሚያዝበትን ቦታ ያውካል። ልጁ የሰማው ቃል አይገባውም፤ ከዚያ መናገሩም ይጠፋል። አንዳንዱ ልጅ ጨርሶ ሲወድቅ አይታይም።

የአንቺም ትንሹ በትኩሳት ተንቀጠቀጠ ሲሉ ሰማሁ። እሱ ሌላ ነው፣ አትደንግጪ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናትን ያጋጥማል፤ አጭር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አንደበታቸውን አይነካም። ብቻ ክብሪት አታሽትቱት፣ አፉ ውስጥም ምንም አታስገቡ። በጎኑ አስተኙት። 5 ደቂቃ ካለፈው ሐኪም ቤት ሩጡ።

አደራሽን ግን፣ ልጅ የሚያውቀውን ቃል እየጣለ ሲሄድ «ሲያድግ ይመለስለታል» የሚልሽን አትስሚ። እኛ አገር የሚጥል በሽታ ሲባል ሰው የሚያየው መውደቁን ነው። የሚጠፋውን ቃል ልብ የሚል የለም። ለሐኪም ሁለቱንም መንገር ያስፈልጋል።

መድኃኒት ጀምሯል። ጠበሉንም አልተወም፤ የንስሐ አባታቸው ራሳቸው መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ አጥብቀው ነግረዋታል። መንቀጥቀጡ ልጁ ከፍ ሲል ብዙ ጊዜ ይተዋል፤ ንግግሩ ግን ለሁሉም እኩል አይመለስም አሉን። ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ለጊዜው የበግ፣ የውኃ፣ የእንጀራ ሥዕል ስለንለት በጣቱ እየጠቆመ እንግባባለን። ጎበዝ ነው፣ ቶሎ ለመደው።

እዚያ የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ሰው ካወቅሽ ስልኩን ላኪልኝ። ለቀጠሮው በሚመጣው ወር ይዘነው እንመጣለን፤ አንቺ ጋ ነው የምናድረው።

የምትናፍቅሽ ጓደኛሽ