የጠፋሁት በአሳማ ምክንያት ነው

ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ? እናትህስ ደህና ናቸው? 2 ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ተቀይሜህ አይደለም። አፍሬ ነው። ላሞቹን ሸጬ አሳማ ማርባት ጀምሬያለሁ። ይኸው፣ ተናገርኩ። እናትህ ሲሰሙ ቤታቸው ውሃ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ሁሉ ይሰብሩታል ብዬ ነው።

ያለሁት እዚያው ሱሉልታ ነው። እኔ ራሴ አልቀምሰውም፤ ማርባቱን ግን ወደድኩት። መስኩን በኤሌክትሪክ ሽቦ ከፋፍዬ አዘዋውራቸዋለሁ። ሣር ብቻውን አያጠግባቸውም፣ አሳማ እንደ ላም አያመሰኳም። ፉርሽካና ፋጉሎ መግዛት ግድ ነው። ክረምት ላይ ቦታ ሳልቀይርላቸው ብዘገይ መስኩን በአፍንጫቸው ገለባብጠው በሬ ያረሰው አስመሰሉት። ነጮቹን ደግሞ የደጋ ፀሐይ ያቃጥላቸዋል። የመጀመሪያዋ እናት አሳማ ጆሮዋ እንደ ሽንኩርት ተልጦ ደነገጥኩ። ዳስ ሠራሁላት፣ ጭቃም አበጀሁላት። እንደኛ ስለማያልባቸው ነው ጭቃ የሚወዱት። ይህን ለሰው ማስረዳት ሰልችቶኛል!

እርግዝናዋ 3 ወር ከ3 ሳምንት ከ3 ቀን ነው። ሌሊት በባትሪ እያየኋት 10 ወለደች። ጥቂት ቀን ተጣሉ፣ ከዚያ እያንዳንዱ የራሱን ጡት ያዘ። የወንድሙን አይነካም።

ከባዱ መሸጡ ነው። ሰፈሬ ውስጥ አንድ ኪሎ የሚገዛኝ የለም። ደንበኞቼ ሆቴሎችና የቻይና ምግብ ቤቶች ናቸው። አንድ ሆቴል 6 አዞኝ በቀጠሮው ቀን ስልኩን ዘጋብኝ። 100 ኪሎ የደረሰ አሳማ መብላቱን አያቆምም፣ የሚጨምረው ግን ስብ ነው። ጉድ ሆንኩ። አሁን ሙሉውን ለሚወስድ ብቻ ነው የምሸጠው። ወገቡን መርጦ ሲሄድ ጭንቅላቱን እኔ ለማን ልሽጠው?

መስክ ላይ ያደገ ነው ብዬ ዋጋ ስጨምርም ማንም አላመነኝም። አንዱን ሼፍ እዚህ ድረስ አመጣሁት። ቆሞ አሸተተ፣ አሸተተና «ሽታው የታለ?» አለኝ። ይኸው በየሳምንቱ ይወስዳል። ደግሞ ሥጋ ቤቶች በሁዳዴ ሲዘጉ የእኔ ደንበኞች አይጾሙም።

ለፋሲካ ስትመጣ ሱሉልታ ብቅ በል። በግ አርድልሃለሁ። ለእናትህ ግን እስከዚያ ድረስ ላሞቹ ደህና ናቸው በልልኝ።