"ሉክ አፍተር" እና የእንግዳው ሻንጣ

ለአዘጋጁ፤

ጤና ይስጥልኝ። የጋዜጣችሁን የእንግሊዝኛ ቃላት ዓምድ ሳላነብ አላልፍም። ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ሁልጊዜ የምታወጡት ከባድ ከባዱን ነው። ባለፈው ሳምንት "ሜቲኩለስ"ን (እጅግ ጥንቁቅ ማለት ነው) አወጣችሁ። ይሁን፣ ጥሩ ቃል ነው። እኔ ግን ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፣ አንድም እንግዳ ሲለው አልሰማሁም።

ተማሪ እያለሁ መዝገበ ቃላት እሸመድድ ነበር። በቀን 20 ቃል። ፈተና ላይ ጠቅሞኛል፣ አልዋሽም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ እንግዳ ሻንጣውን አጠገቤ አስቀምጦ "ሉክ አፍተር" ምናምን አለኝ። "ሉክ" ማየት፣ "አፍተር" በኋላ፤ ሁለቱንም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። በኋላ አየዋለሁ ብዬ "ኦኬ ሰር" አልኩና ምሳዬን ልበላ ሄድኩ። ሰውዬው ለካ ጠብቅልኝ ነው ያለኝ! (የሚገርመው እኛም "ዕቃዬን እይልኝ" እንላለን። ጉድ የሠራችኝ "አፍተር" ናት።)

"ጊቭ" መስጠት ነው፣ "አፕ" ወደ ላይ ነው፣ ሲገጣጠሙ ተስፋ መቁረጥ ይሆናሉ። ማን ይገምታል? አማርኛ የሚማር ፈረንጅም ያው ነው የሚገጥመው። "አለ" ማለት ተናገረ ነው ብሎ ይይዝና "ብድግ አለ"፣ "ዝም አለ" ሲባል ይደናገራል። ዝም ያለ ሰው ምን ተናገረ?

ቻርልስ ኦግደን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1930፣ 850 ቃላት ብቻ ያሉት ቀላል እንግሊዝኛ አዘጋጅቶ ነበር። ግሶቹ 18 ብቻ። ሲሰሙት ያጓጓል፤ ግን "ኢንተር"ን አስቀርቶ "ጎ ኢን" በሉ ማለት ነው፣ በግስ የቆጠበልንን በጥንዶቹ መልሶ ያስከፍለናል። እኔ የሚሻለኝ የእንግሊዝኛ መምህሩ ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ወደ 2,000 የሚጠጉ ቃላት ያሉት ዝርዝር ነው። ቃሉን ብቻ አይደለም፣ ሰው አዘውትሮ የሚጠቀመው በየትኛው ትርጉሙ እንደሆነም ይነግራል።

እና ዓምዱን አትተዉት። በየሳምንቱ አንዷን ትንሽ ግስ፣ ለምሳሌ "ጌት"ን፣ ከነጓደኞቿ አውጡልን፤ "ጌት አፕ" መነሳት፣ "ጌት ኦፍ" ከአውቶቡስ መውረድ፣ "ጌት አሎንግ" መግባባት። ሰው በአፉ የሚናገረው ዓረፍተ ነገርም ይጨመርበት። እኔ ከእንግዶች የሰማሁትን በትንሽ ደብተር እጽፋለሁ፣ ማታ ጮክ ብዬ ለራሴ እናገረዋለሁ። ባለቤቴ ትስቃለች።

ሻንጣው አልጠፋም። ምሳዬን በልቼ ስመለስ የጥበቃው ጋሼ አጠገቡ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አያውቁም።

እንግዳ ተቀባዩ፣ ከባሕር ዳር