ከነፃነት በኋላ ያለው ታሪክስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በአሜሪካ የባርነት ዘመን ስለኖሩ ቤተሰቦች የሚተርኩ ታሪካዊ ልብ ወለዶችን ያነሳችሁበትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ብዙዎቹ ድርሰቶች ነፃነት ሲታወጅ ያበቃሉ። ለስንቱ ቤተሰብ ግን የተለያዩ ዘመዶችን መፈለግ ገና የጀመረው ከ1865 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው።

ከውጭ ባሪያ ማስገባት በ1808 ሲታገድ የአገር ውስጡ ንግድ ደራ። ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ወደ ሉዊዚያናና ሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ ስንቱ ተሸጠ! እናት አንድ ቦታ፣ ልጅ ሌላ ቦታ።

ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ እነዚህ ሰዎች በጋዜጣ ተፈላለጉ። ፊላደልፊያ ይታተም የነበረው ክርስቲያን ሪከርደር የተባለ ጋዜጣ እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎችን ያወጣ ነበር። ፈላጊው የእናቱን ስም፣ የሻጩን ስም፣ የገዢውን ስም ይጽፋል። ሌላ ምን መረጃ አለው? በ1850 እና በ1860 የተደረጉት ቆጠራዎች እንኳ በባርነት የተያዙትን በአብዛኛው የመዘገቡት ያለ ስም፣ በዕድሜ፣ በፆታና በቆዳ ቀለም ነው።

ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል? የማምለጫውን ሌሊት እንደሆነ ደጋግመን አንብበነዋል። እስቲ በሚቀጥለው ዓምዳችሁ ስለ ፈላጊዎቹ ጻፉልን።

አክባሪ አንባቢያችሁ