ራሙን ከመግዛትህ በፊት

ለውድ ወንድሜና ወዳጄ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ እንደምን ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሳንጻጻፍ ብዙ ጊዜ በመቆየታችን መልእክትህን ሳይ እጅግ ደስ አለኝ። የጠየቅኸኝ ጉዳይ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ሰፋ አድርጌ ልጽፍልህ ወደድሁ።

የደብሩን የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፍ እያነሣህ ምስሎቹን በዚያ በዴል ኦፕቲፕሌክስ 780 ኮምፒውተር ላይ እንደምታስተካክል፣ ነገር ግን ሦስት አራት ትልልቅ ምስሎች ሲከፈቱበት ማሽኑ ቀጥ ብሎ እንደሚቆምና ስለዚህ ራሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ከ2 ወደ 8 ጊጋባይት ልታሳድግ እንዳሰብህ ነግረኸኛል። አሳብህ ትክክል ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ 2 ጊጋባይት ፈጽሞ አይበቃም። የምለምንህ ግን ነጋዴው «ዲዲአር3 ነው፣ ይሠራል» ስላለህ ብቻ ገንዘብህን እንዳትሰጥ ነው፤ ዲዲአር3 የራሙ ትውልድ መጠሪያ ብቻ ነው፣ በዚያ ዘመን ማሽን ላይ ደግሞ የራሙን ዓይነትና መጠን ማወቅ ለግዢ አይበቃምና።

አስቀድመህ ማሽኑ በእርግጥ 780 መሆኑን ከኬዙ (ከውጭ ሣጥኑ) ላይ አንብብ። ቀደም ብሎ የወጣው 760 በመልኩ ይመስለዋል፤ የሚቀበለው ግን ዲዲአር2 ነው። ሁለቱም ራሞች 240 ፒን (የመገናኛ ጥርስ) ቢኖራቸውም ከታች በኩል ያለችው ቁርጥ የምትገኝበት ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት (ራሙ በሚሰካበት ቦታ) ውስጥ አይገባም፤ አልገባ ካለህ በጉልበት አትጫነው። ደግሞም የ780 እጅግ ትንሹ ኬዝ የሚወስደው አጭሩን የላፕቶፕ ራም ነው። ያንተ ረጅሙን የሚወስድ አራት ስሎት ያለው ከሆነ እስከ 16 ጊጋባይት ይቀበላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። በ780 ማዘርቦርድ (በዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለው፣ ራሙን የሚቆጣጠረው የኢንቴል ኪው45 ቺፕሴት የሚያውቃቸው የራም ቺፖች (በራሙ ላይ የተደረደሩት ትንንሽ ጥቁር ክፍሎች) እያንዳንዳቸው እስከ 2 ጊጋቢት የሚይዙትን ብቻ ነው። ጊጋቢት እንጂ ጊጋባይት እንዳልሆነ ልብ በል፤ 2 ጊጋቢት ማለት 256 ሜጋባይት ነው። እንግዲህ አንድ ባለ 4 ጊጋባይት ራም በዚህ ማሽን ላይ እንዲሠራ ከተፈለገ በፊቱ ስምንት፣ በጀርባው ስምንት፣ በጠቅላላው 16 ቺፖች ሊኖሩት ይገባል። በኋላ የመጡት ባለ 4 ጊጋባይት ራሞች ግን ብዙውን ጊዜ ባለ 4 ጊጋቢት ቺፖችን በስምንት ብቻ የተሸከሙ ናቸው። ስሎቱ ውስጥ በትክክል ይገባሉ፣ ስማቸውም ዲዲአር3 ነው፣ በአዲስ ማሽን ላይ ያለ አንዳች ችግር ይሠራሉ፤ ያንተ ማሽን ግን ወይ አይነሣም፣ ወይ ሙሉ መጠናቸውን አያይም። ነጋዴው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ «ይኸው ሠራ» ቢልህ ለአንተ ማስረጃ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ለመለየት በራሙ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ። «4ጂቢ 2አርኤክስ8» (4GB 2Rx8) የሚለውን ውሰድ፤ «1አርኤክስ8» (1Rx8) የሚለውን ተው። የመጀመሪያው ቁጥር ቺፖቹ በስንት ረድፍ እንደተደራጁ፣ የኋለኛው ደግሞ እያንዳንዱ ቺፕ በአንድ ጊዜ ስንት ቢት እንደሚያቀብል ይናገራል፤ አንድ ረድፍ 64 ቢት መሙላት ስላለበት ባለ 8 ቢቶቹ ስምንት ሆነው ረድፉን ይሞላሉ። መጨረሻው «ኤክስ4» ሆኖ «ለኤኤምዲ ብቻ» እየተባለ በርካሽ የሚሸጠውንም አትንካ፤ ማሽንህ የኢንቴል ነው።

የእኔን ምክር ከሰማህ ደግሞ ባለ 4ቱን ፍለጋ ሳትደክም አራት ባለ 2 ጊጋባይት ራም ግዛና አራቱንም ስሎት ሙላ። ባለ 2 ጊጋባይቱ ስምንት ቺፕ ቢኖረውም 16 ቢኖረው፣ ከተራው የዴስክቶፕ ዓይነት እስከሆነ ድረስ እያንዳንዱ ቺፕ ከ2 ጊጋቢት አይበልጥምና ከዚህ ሁሉ ጭንቀት ነጻ ትሆናለህ። ለፎቶግራፍ ሥራህ 8 ጊጋባይት በቂ ነው፤ የፕሮሰሰሩን ዕድሜ ሳስበው በዚህ ማሽን ላይ 16 ለመሙላት ገንዘብ ማውጣትን አልደግፍም።

ከፍጥነቱ ቁጥር ቀጥሎ የምትገኘውን ፊደል ደግሞ በደንብ እያት። «ፒሲ3-10600ዩ» የሚለው «ዩ» የዴስክቶፕ ራም ነው፤ «አር» ካለበት ከሰርቨር (ከድርጅቶች ማዕከላዊ ኮምፒውተር) የወጣ ነው፤ በቁርጡ ከአንተው ጋር ስለሚመሳሰል ስሎቱ ውስጥ ይገባል እንጂ አይሠራም። ሰርቨሮች ሲፈታቱ ብዛት ያለው ራም በርካሽ ገበያ ላይ ስለሚወጣ ዋጋው ሊያጓጓህ ይችላል። ፍጥነቱ ግን አያስጨንቅህ፤ ማሽንህ በ1066 ስለሚሠራ 1333ም ሆነ 1600 ብትሰካበት ወደ ራሱ ፍጥነት ያወርደዋል። በ1.35 ቮልት የሚሠራውም ዓይነት 1.5 ቮልትን እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው።

ዊንዶውስህ ባለ 32 ቢት ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ይሆናል፤ ምንም ያህል ራም ብትጨምር ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምምና። በኮምፒውተሩ ፕሮፐርቲስ ላይ ተመልክተህ 64 ቢት መሆኑን አረጋግጥ፤ ካልሆነ ፎቶግራፎቹን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጠህ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ አስጭን።

ስትሰካ ገመዱን ከሶኬት ንቀል፤ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭነህ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጣ፤ የኬዙንም ብረት ንካ። አቧራውን ካጸዳህ በኋላ ራሙን በሁለቱም ጫፍ ያሉት መያዣዎች ቀጭ እስኪሉ ድረስ እኩል ተጫነው። ማሽኑን አስነሥተህ ኤፍ2ን በመጫን 8 ጊጋባይት ማየቱን ካረጋገጥህ በኋላ ራም የሚፈትነውን ሜምቴስት86+ የተባለውን ፕሮግራም ከፍላሽ ላይ አስነሥተህ ሌሊቱን ተወው፤ አንድም ስሕተት ካወጣ ራሞቹን አንድ በአንድ እየሰካህ ፈትናቸው። ይህን ፈተና እንዳትዘለው አደራ እልሃለሁ፤ የታመመ ራም ኮምፒውተሩን ብቻ ሳይሆን የምታስቀምጠውን ፎቶግራፍም ሊያበላሽብህ ይችላል፤ አንዳንዱ የብራና ገጽ ደግሞ ዳግመኛ የሚነሣ አይደለም።

አሁን በውስጡ ያለውን ራም አውጥተህ የፊቱንና የጀርባውን ፎቶ፣ የኬዙንም የሞዴል ቁጥር ላክልኝ። እኔ እዚህ አዲስ አበባ ላይ አራቱን ፈልጌ በ780 ላይ ከፈተንኋቸው በኋላ ወደ እናንተ በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ምንም አትግዛ።

ወዳጅህ