የአያት ቤት አጭር ነው

ሰላም ለሁላችሁም፣

ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ እኔ ቤት እንገናኝ። ቡናው በእኔ ነው። የጀመራችሁትን የልጆች መጽሐፍ ሥዕል ይዛችሁ ኑ።

አንድ ነገር ግን ልቤ ውስጥ አለ። ብዙ ባህል እንሳል እንላለን፤ የምንቀይረው ግን ልብሱን ብቻ ነው። ጎረቤቴ ያለች የ5 ዓመት የዶርዜ ልጅ ሥዕሌን አይታ «የአያቴ ቤት እንዲህ አይደለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። የሳልኩት የሣር ጎጆ ነበር። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሸምኖ ረጅም ሆኖ ይቆማል፤ ፊቱ የዝሆን ግንባር ይመስላል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ የአያት ቤት አጭር፣ የሙሽሮች ቤት ረጅም ነው። ልጆች ይህን ሳይነገራቸው ከሥዕሉ ያነባሉ። እንዴት ደስ ይላል!

የመጽሐፉ ገጽ 32 ይሁን፤ ትልቁ የማተሚያ ወረቀት ታጥፎ 16 ገጽ ስለሚሆን፣ የ16 ብዜት ለማተሚያ ቤት ይመቻል።

ደግሞ እባካችሁ፣ ውል ሳትፈርሙ ዋናውን ሥዕል ለማንም አትስጡ። እኔ ሰጥቼ እስከዛሬ አልተመለሰልኝም።

የሐረር ስፌት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ቀለሙን እያየን እንስላለን። የምትመጡ እስከ ሐሙስ አሳውቁኝ።