ለሁለት የተከፈለውን ኪቦርድ አብረን እንበይድ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮርኔ የተባለውን፣ ዲዛይኑ ለማንም ክፍት የሆነውን ባለ 42 ቁልፍ ኪቦርድ ሚያዝያ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ አብረን እንሠራለን። ቦታው የተለመደው ላብ (ላብራቶሪ) ነው።

ዕቃው ከውጭ እስኪደርስ ስለሚቆይ ማይክሮኮንትሮለሩን (የኪቦርዱን ሶፍትዌር የሚያሠራውን ትንሽ ቦርድ) አሁኑኑ መወሰን አለብን። ፕሮ ማይክሮ የተባለው ቦርድ የሚይዘው ሶፍትዌር 32 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ስክሪንና መብራት ሲጨመርበት ቶሎ ይሞላል። የእኔ ምርጫ በዚያው መጠን የተሠራው፣ አርፒ2040 የተባለ ቺፕ ያለው ቦርድ ነው፤ ኪቦርዱ ላይ የምንጭነው ሶፍትዌር ኪውኤምኬም ይደግፈዋል። ብሉቱዝ የምትፈልጉ ግን ሶፍትዌራችሁ ዜድኤምኬ ይሆናል፣ የሚገዛላችሁም ሌላ ቦርድ ነው።

ላፕቶፕና ዳታ የሚያስተላልፍ ዩኤስቢ ገመድ ያዙ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርገው አይጠቅምም። መበየጃና ሊድ ያላችሁም አምጡ። ኪውኤምኬን ቤት ጭናችሁ ኑ፣ የላቡ ኢንተርኔት አይታመንም።

ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) አለ። የዳዮዱ ጥቁር መስመር ቦርዱ ላይ ካለው ምልክት ጋር ይግጠም፤ ከተገለበጠ ቁልፉ አይሠራም። ሁለቱን ግማሾች የሚያገናኘውን ገመድ ደግሞ ዩኤስቢው ተሰክቶ ሳለ አትንቀሉ፣ አትሰኩም፤ ሾርት አድርጎ ቦርዱን ሊያቃጥለው ይችላል። ይህችን አደራ!

አማርኛ ይጽፋል ወይ ላላችሁ፦ አዎ። ኪቦርዱ የሚልከው የቁልፍ ኮድ ብቻ ነው፤ ፊደሉን የሚያወጣው ኮምፒውተራችሁ ላይ የጫናችሁት የአማርኛ መጻፊያ ነው።

እስከዚህ ሐሙስ ማታ «ባለ ገመድ» ወይም «ብሉቱዝ» ብላችሁ እዚሁ መልሱ። ዝም ላለ ሰው ዕቃ አይታዘዝም።